ከሰይፉ በፊት ሩዙን እዩ፦ የጃፓን የዘመን ፊልም ለመጀመር ለምታመነቱ

የጃፓን የዘመን ፊልም «አይሆነኝም» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን ፊልሙን የመረጠለት ወዳጁ ነው። ወዳጅ ሆዬ «ይህን ሳታይ ፊልም አየሁ አትበል» ብሎ የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» ያቀብለዋል። የ1954 ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጥቁርና ነጭ ነው፣ 207 ደቂቃ ይፈጃል። ሳሙራዮቹ ተፈልገው፣ ተለምነው፣ ተመርጠው መንደሩ እስኪገቡ ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ያልፋል። ተመልካቹ ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ይጀምረዋል። አርባኛው ደቂቃ ላይ እንቅልፍ ያሸንፈዋል። ከዚያ በኋላ «ረጅም ነው፣ ደብዛዛ ነው፣ ስሙም አይያዝም» ብሎ ዘውጉን በሙሉ ይዘጋበታል። ፊልሙ ታላቅ ነው፤ መግቢያ በር ግን አይደለም። መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ጃፓኖች ዘውጉን «ጂዳይጌኪ» ይሉታል፤ «ጂዳይ» ዘመን፣ «ጌኪ» ድራማ ነው። በልማድ ከ1868 በፊት ያለውን፣ ሳሙራዮች ሰይፍ ታጥቀው የሚንቀሳቀሱበትን ጊዜ የሚያሳይ ሥራ ሁሉ እዚህ ይገባል። «ቻንባራ» የሚባል ቃልም አለ። እሱ ሰይፍ ከሰይፍ ሲጋጭ ከሚያሰማው ድምፅ የወጣ ስያሜ ሲሆን ውጊያ የበዛበትን ዓይነት ብቻ ይመለከታል። የሚያመነታ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ «እኔ የሰይፍ ፊልም አልወድም» ይላል። ከዘውጉ ምርጦች መካከል ግን ዋናው ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚዋጋባቸው አሉ። እነዚህን ፊልሞች የሚከፍተው ቁልፍ ሰይፉ አይደለም። ቁልፉ ሩዙ ነው።

ሩዝ ስንል ደሞዝ ማለታችን ነው። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) የሳሙራይ ድርጎ የሚለካው «ኮኩ» በሚባል የሩዝ መስፈሪያ ነበር። አንድ ኮኩ 180 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰው በዓመት ይበላዋል ተብሎ የሚታሰበው መጠን። «ዳይሚዮ» ለመባል፣ ማለትም ግዛት ያለው ጌታ ለመሆን፣ ቢያንስ 10,000 ኮኩ የሚያወጣ አገር ያስፈልጋል። ከሥር ያለው ሎሌ ደግሞ በ50ና በ30 ኮኩ ቤተሰብ ያስተዳድራል። የኦሳካ ግንብ በ1615 ከወደቀ በኋላ እስከ 1850ዎቹ ድረስ ጃፓን ውስጥ ትልቅ ጦርነት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሳሙራዩ ጦርነት የሌለው ጦረኛ፣ በግልጽ ቋንቋ ደግሞ የቢሮ ሠራተኛ ሆነ። ድርጎው ከአባት ወደ ልጅ ሳይጨመርበት ይተላለፋል፣ የገበያ ዋጋ ግን ይንራል። ጌታው ራሱ ዕዳ ውስጥ ሲገባ ከሎሌዎቹ ድርጎ ላይ «ብድር» እያለ ይቆርጣል። ይህን ይዞ የሚመለከት ሰው ብዙዎቹ ፊልሞች የእንጀራ ጉዳይ መሆናቸው ወዲያው ይገባዋል። አንድ ገጸ ባሕርይ ሲገባ ስንት ኮኩ እንዳለው ከተነገረ ጆሯችሁን ቀስሩ፤ የሚደፍረውም የሚፈራውም ከዚያ ቁጥር ይነሳል።

ለጀማሪ የምንሰጠው የመጀመሪያ ፊልም የዮጂ ያማዳ «ታሶጋሬ ሴይቤይ» ነው። የ2002 ሥራ ነው፣ ባለ ቀለም፣ 129 ደቂቃ። ለኦስካር በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ታጭቶ ነበር። ሴይቤይ በግንቡ ውስጥ የስንቅ መጋዘን ጸሐፊ ነው፤ ድርጎው 50 ኮኩ፣ ሚስቱ ሞታለች፣ ሁለት ሴት ልጆችና የምትረሳ እናት አሉት። ሥራ እንዳለቀ ባልደረቦቹ ወደ መጠጥ ሲሄዱ እሱ ወደ ቤቱ ይሮጣል። «ታሶጋሬ» ማለት ምሽት፣ ለዓይን ያዝ የሚያደርግበት ሰዓት ማለት ነው፤ ሲመሽ ስለሚጠፋ የወጣለት ቅጽል ስም ነው። ማታ ማታ በደብዛዛ መብራት የነፍሳት ማስቀመጫ ትንንሽ ጎጆ እየሠራ ይሸጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚዋጋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱንም በዱላ። ሁለተኛው ውጊያ ጣሪያው ዝቅ ባለ ጨለማ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ስትደርሱ የእያንዳንዱን ሰይፍ ርዝመትና ቤቱ ውስጥ ያለውን ቦታ ልብ በሉ፤ ከዚህ በላይ ብንናገር እናበላሽባችኋለን። ዋናውን ሰው የሚጫወተው ሂሮዩኪ ሳናዳ በ2024ቱ ተከታታይ ድራማ «ሾጉን» ብዙ ሰው የተዋወቀው ተዋናይ ነው።

ሳቅ የሚቀናው ሰው ከሌላ በኩል ይግባ። በ1635 ሾጉኑ፣ ማለትም የአገሩ ወታደራዊ የበላይ ገዥ፣ ኢዬሚትሱ እያንዳንዱ ዳይሚዮ አንዱን ዓመት በግዛቱ፣ ቀጣዩን በሾጉኑ መቀመጫ በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) እንዲቀመጥ ሕግ አወጣ፤ ሚስትና ወራሽ ኤዶ ውስጥ እንደ መያዣ ይቀራሉ። «ሳንኪን ኮታይ» ይባላል። ጌታው በመንገድ ላይ የማዕረጉን ያህል አጀብ ማሰለፍ ስላለበት ጉዞው ካዝና ያራቁታል። የ2014ቱ «ቾኮሶኩ! ሳንኪን ኮታይ» ይህን ይዞ ይቀልዳል። ገና ከኤዶ የተመለሰው የ15,000 ኮኩ ጌታ በ5 ቀን ውስጥ ተመልሰህ ድረስ ይባላል፤ ገንዘብ የለም፣ ሰው የለም፣ ጊዜ የለም። በጫካ አቋርጠው ይሮጣሉ፤ አጀብ መታየት ያለበት ቦታ ሲደርሱ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ታሪክ ምንም ሳታውቁ ሕጉን ከነሕመሙ ትማሩበታላችሁ።

የሂሳብ ሰው ከሆናችሁ «ቡሺ ኖ ካኬይቦ» አለ፤ የ2010 ፊልም፣ ትርጉሙ «የሳሙራይ ቤት የወጪ ደብተር» ማለት ነው። የካጋ ግዛት ሂሳብ ሠራተኛ የሆነ ቤተሰብ በትክክል ጽፎ ያቆየውን መዝገብ መሠረት ያደረገ ነው። ዋናው ሰው ሰይፍ ላይ ደካማ፣ አባከስ (በዶቃ የሚቆጠርበት የሂሳብ መሣሪያ) ላይ ግን አንደኛ ነው። ቤተሰቡ በዕዳ መዘፈቁን ሲያውቅ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ያሸጣል። አንድ ትዕይንት ብቻ በቅርብ እናሳያችሁ። የልጁ በዓል ቀን ነው፣ ዘመድ ተጠርቷል። በእንዲህ ያለ ቀን በየሰው ፊት «ታይ» የሚባለው ቀይ ዓሣ ሙሉውን ተጠብሶ መቅረብ አለበት፤ ዓሣው ግን ውድ ነው። እንግዶቹ ተደርድረው ሲቀመጡ በየገበታው ላይ በወረቀት የተሣለ ዓሣ ያገኛሉ። የእንግዶቹን ፊት ተመልከቱ፤ ቀጥሎም ያለምንም እፍረት የተቀመጠውን የቤቱን ጌታ። በሌላ ፊልም ሰው የሚሞትለት ክብር እዚህ ወረቀት ላይ ተሥሎ ይቀርባል።

በዚሁ መስመር የ2019ኙ «ኬሳን! ቹሺንጉራ» ይመጣል። «ቹሺንጉራ» የ47ቱ ሎሌዎች ታሪክ ነው። ጃፓን ውስጥ ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ብዙዎቹ ፊልሞች ማብራሪያ አይሰጡም፤ እኛ የምንወድቀውም እዚያ ላይ ነው። አስቀድማችሁ ይህን ያዙ፦ በ1701 የአኮ ጌታ አሳኖ በኤዶ ግንብ ውስጥ ኪራ በተባለ ባለሥልጣን ላይ ሰይፍ መዘዘ፤ ግንቡ ውስጥ ሰይፍ መምዘዝ ክልክል ስለሆነ በዚያው ቀን ሆዱን እንዲቀድ ተፈረደበት። 50,000 ኮኩ የነበረው ግዛቱ ተወረሰ፣ ሎሌዎቹ በአንድ ጀምበር ቀለብ አልባ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት፣ በጃፓን የጨረቃ አቆጣጠር በ12ኛው ወር፣ 47ቱ የኪራን ቤት ወረሩ። በሌሎቹ ፊልሞች ይህ የታማኝነት ሐውልት ነው። እዚህኛው ግን በቀሉ ስንት ብር ይፈጃል ብሎ ይጠይቃል፦ የመንገድ፣ የቤት ኪራይ፣ የመሣሪያ። ወጪው በዛሬ የን ተሰልቶ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ያለው በጀት 95 ሚሊዮን የን ነው፣ እየቀነሰም ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ነው «ሴፑኩ»ን (ሆድን ቀዶ በክብር መሞት ማለት ነው) የምንመክረው። ማሳኪ ኮባያሺ በ1962 ያዘጋጀው፣ ጥቁርና ነጭ፣ 133 ደቂቃ፤ በ1963 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ጊዜው 1630 ነው። ጌታው ግዛቱን የተቀማ «ሮኒን»፣ ማለትም ጌታ የሌለው ሎሌ፣ ወደ ኢይ ቤተሰብ ግቢ መጥቶ «በክብር ልሙት፣ ግቢያችሁን አውሱኝ» ይላል። በዚያን ጊዜ ሥራ ያጡ ሮኒኖች እንዲህ እያሉ እየሄዱ፣ የቤቱ ሰዎች ደም እንዳይፈስ ገንዘብ ሰጥተው እንዲሸኟቸው ያደርጉ ነበር፤ የቤቱ አስተዳዳሪም ይህ ሌላ ለማኝ መሰለው። ቀጥሎ የሚሆነው አብዛኛው ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩት ወሬ ነው፤ ልብ ሰቃይነቱ ግን ከማንኛውም ውጊያ ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ከቀርከሃ የተሠራ ሰይፍ ያለበት ትዕይንት አለ። የሚታየው ደም ጥቂት ነው፣ የሚሰማው ግን ከባድ ነው። ደም የሚረብሻችሁ ከሆነ እዚያ ላይ አታቋርጡት፤ የቀረው ፊልም በሙሉ «ያ ሰይፍ ለምን ቀርከሃ ሆነ?» ለሚለው መልስ ነው። መልሱም እንደገና ወደ ሩዝ ይወስዳችኋል። ኮባያሺ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልምሎ ሳለ የማዕረግ ዕድገት አልቀበልም ብሎ ተራ ወታደር ሆኖ የቀረ ሰው ነው፤ ፊልሙን ስታዩ ይህ ይታያል።

አሁን ሰው በብዛት ወደሚያማርርበት ነገር እንምጣ፤ ስም። «ሁሉም ኖቡ ነው፣ ሁሉም ኢዬ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ምክንያትም አለው። የሳሙራይ ቤተሰብ አንድ የጋራ ቁራጭ በየልጁ ስም ውስጥ ያስገባል። ቶኩጋዋዎች «ኢዬ» ይላሉ፦ ኢዬያሱ፣ ኢዬሚትሱ፣ ኢዬትሱና። የሆጆ ቤተሰብ «ቶኪ» ይላል፦ ቶኪማሳ፣ ዮሺቶኪ፣ ያሱቶኪ። ስለዚህ የሚደጋገመውን ቁራጭ እንደ ቤተሰብ ምልክት ውሰዱትና ሰውየውን በቀረው ቁራጭ ለዩት። ሌላው ችግር አንድ ሰው በዕድሜው ስም መለዋወጡ ነው። ኢዬያሱ በልጅነቱ ታኬቺዮ ነበር፣ ከዚያ ሞቶኖቡ፣ ከዚያ ሞቶያሱ ተባለ፤ የቤተሰብ ስሙም ከማትሱዳይራ ወደ ቶኩጋዋ ተለወጠ። በዚያ ላይ በስሙ ሳይሆን በሹመቱ ይጠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወረቀት ያዙና በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች አምስት ሰው ብቻ ጻፉ፤ ስሙን፣ ጌታው ማን እንደሆነ፣ ከመልኩ ደግሞ አንድ ምልክት። ስድስተኛውን አትጻፉ። ስድስተኛው አስፈላጊ ከሆነ ፊልሙ ራሱ ይመልሰዋል።

ዘመኑን ለመለየት የታሪክ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ጠመንጃና ጭንቅላት እዩ። ጠመንጃ ጃፓን የገባው በ1543 በታኔጋሺማ ደሴት በኩል ነው። ጦር ሜዳ ላይ ጭቃ፣ የብረት ልብስና የክብሪት ጠመንጃ ካያችሁ የእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ «ሴንጎኩ» ነው፤ እዚያ ማንም ማንንም ሊከዳ ይችላል። የራስ ቅሉ መሐል ተላጭቶ ኋላ የተቋጠረ ጠጉር፣ ንጹሕ ኪሞኖ፣ ጸጥ ያለ ከተማ ካያችሁ ኤዶ ነው፤ እዚያ ሰው የሚያጠፋው ሕግና ወግ ነው። በዚያው ከተማ መሐሉ ያልተላጨ፣ ጠጉሩ ያደገበት ሰይፈኛ ሲገባ ሮኒን መሆኑን ማንም ሳይነግራችሁ ዕወቁ። ጥቁር መርከብ ወይም የምዕራብ ኮት ከታየ ደግሞ የአሜሪካው የባሕር ኃይል አዛዥ ፔሪ ከመጣበት ከ1853 ወዲህ ነው፤ ከ1876 በኋላ ሰይፍ ታጥቆ መሄድ ራሱ ክልክል ነው።

ጥቂት የእጅ ነገሮችም አሉ፤ እነዚህን የሚያውቅ ሰው ውይይቱን ሳይቀር እንደ ውጊያ ያያል። ሳሙራይ ተቀምጦ ረጅሙን ሰይፍ በቀኝ ጎኑ ካስቀመጠ «ክፋት አላሰብኩም» ማለቱ ነው፤ ከቀኝ በኩል ቶሎ አይመዘዝምና። በግራው ካስቀመጠ ተጠራጥሯል። ቆሞ ሲነጋገር የግራ አውራ ጣቱ የሰይፉን መከላከያ ብረት ገፋ ካደረገች ሰይፉ ከሰገባው ጣት ያህል ተላቋል፤ ቃላቱ ጨዋ ቢሆኑም ነገሩ አልቋል። ብዙ ዳይሬክተሮች ይህችን ጣት በቅርብ ያሳያሉ፣ ቀጭን ድምፅም ያሰሙባታል።

ስለ ድምፅ ካነሳን፣ በጃፓንኛው ድምፅ እዩ እንጂ በሌላ ቋንቋ በተተካው አትዩ። የእንግሊዝኛው ሰብታይትል «አንተ»ንም «እርስዎ»ንም በአንድ ቃል ይጨፈልቃቸዋል። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ይበልጣል፤ አንድ ሰው ድንገት ከእርስዎ ወደ አንተ ሲወርድ ምን እንደተሰበረ ያውቃል። ጃፓንኛው ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው። ከስም ቀጥሎ «ሳማ» ወይም «ዶኖ» ከተሰማ አክብሮት ነው፤ «ቶኖ» ጌታዬ ነው፤ «ሰሻ» ሳሙራይ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እኔ» የሚልበት ነው፤ «ኪሳማ» በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ስድብ የተቀላቀለበት «አንተ» ነው። አምስት ቃል በቂ ነው። ትርጉሙ ላይ የጠፋ ስድብ ጆሯችሁ ላይ ይገኛል።

ስክሪኑን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ቴሌቪዥናችሁ እንቅስቃሴን ለማለስለስ በራሱ ምስል የሚጨምርበት ማስተካከያ ካለ አጥፉት፤ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ ሲለሰልስ ሰይፉ የመጫወቻ ይመስላል። በ1.5 ፍጥነትም አትዩ። ሰይፈኞች ቆመው የሚተያዩበት ጸጥታ የሚዘለል ክፍተት ሳይሆን ራሱ ውጊያው ነው።

«እሺ፣ እኔ ግን ውጊያውን ነው የፈለግሁት» ለሚል ሰው መንገዱ ሌላ ነው። የኩሮሳዋ «ዮጂምቦ»፣ 1961፣ 110 ደቂቃ፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚፈራ ሰው መሞከሪያው ይህ ይሁን። ተዋናዩ ቶሺሮ ሚፉኔ ሁለት ወሮበላ ቡድን ወደተካፈላት ከተማ ገብቶ ራሱን ለሁለቱም ያጫርታል። በ1964 ጣሊያን ውስጥ ያለ ፈቃድ ወደ ካውቦይ ፊልም ተገልብጦ ክስ ያስነሳው ይኸው ነው። በማግስቱ «ሳንጁሮ»ን፣ 1962፣ 96 ደቂቃ፤ ይበልጥ ቀልደኛና አጭር ነው፣ የመጨረሻው ግጥሚያ በአንድ ምት ያልቃል። ዐይናችሁን አትጨፍኑ።

«ዛቶይቺ» ዐይነ ስውሩ የማሳጅ ሠራተኛና ቁማርተኛ ነው። ሺንታሮ ካትሱ ከ1962 ጀምሮ በ26 ፊልም ተጫውቶታል፤ አብዛኛው 90 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቀለም የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው። የመጀመሪያውን ካያችሁ በኋላ የቀሩትን እንዳሻችሁ አንሱ፣ ቅደም ተከተል ብዙም አያስጨንቅም። ታኬሺ ኪታኖ በ2003 የሠራው የራሱ ዛቶይቺም ጥሩ መግቢያ ነው፤ ደሙ በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል፣ መጨረሻው ላይ ግን ያልጠበቃችሁት ጭፈራ አለ። «ሩሮኒ ኬንሺን» አኒሜ ለለመደ ወጣት ነው፤ አምስቱን ፊልሞች በወጡበት ቅደም ተከተል እዩ፣ የ2014ቱ ሁለት ክፍሎች አንድ ታሪክ ስለሆኑ መሐል ላይ አትቁሙ። የታካሺ ሚኢኬ «13ቱ ገዳዮች»፣ 2010፣ የመጨረሻው ፍልሚያ 45 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ በጃፓን የታየው 141 ደቂቃ ነው፣ ለውጭ የተላከው ከዚያ አጥሯል፣ ስለዚህ ርዝመቱን አይታችሁ ምረጡ፤ በመጀመሪያው ክፍል ደግሞ የጌታውን ጭካኔ የሚያሳይ፣ ከጭንቅላት የማይወጣ የአንዲት ሴት ትዕይንት አለ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ሌላ ቀን ይሁን።

«የወንዶች ዓለም ብቻ ነው» የሚለው ቅሬታ ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት የኬንጂ ሚዞጉቺን «ኡጌትሱ» (1953፣ 97 ደቂቃ) ጀምሩ፤ ወንዶቹ ክብርና ገንዘብ ሲያሳድዱ ዋጋውን የሚከፍሉት ሚስቶቻቸው ናቸው። በተከታታይ ድራማ ደግሞ ከሳትሱማ ግዛት ተነሥታ የ13ኛው ሾጉን ሚስት የሆነችውን «አትሱሂሜ» (2008) እና ደራሲዋን ሙራሳኪ ሺኪቡን የያዘው «ሂካሩ ኪሚ ኤ» (2024) አሉ።

እነዚህ ሁለቱ «ታይጋ» የሚባሉት ናቸው። የጃፓን የሕዝብ ብሮድካስት ኤንኤችኬ ከ1963 ጀምሮ እሑድ ማታ የሚያሳየው፣ አንድ ታሪክ ዓመቱን ሙሉ የሚሄድበት ተከታታይ ነው፤ በክፍል 45 ደቂቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ 50 ክፍል ገደማ። የሚያስወጣው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ብዙዎቹ የዋናውን ሰው ልጅነት በልጅ ተዋናይ ለጥቂት ክፍሎች ያሳያሉ፣ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ላይ ይሰለቻል። እስከ አምስተኛው ታገሡና ፍረዱ። የምንመክረው ኮኪ ሚታኒ የጻፈው «ካማኩራዶኖ ኖ 13ኒን» (2022፣ 48 ክፍል) ነው፤ እንደ ቤተሰብ ቀልድ ይጀምርና ሳታስተውሉት ይጨልማል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሰብታይትሉ ለሁሉም ክፍል መኖሩን አረጋግጡ፤ ሃያኛው ላይ መቋረጥ ያማል።

ዓመት መታገሥ የማይችል «ጂን»ን ይያዝ። የዘመናችን የአንጎል ቀዶ ሐኪም በ1862 ኤዶ ውስጥ ራሱን ያገኛል፤ የ2009 እና የ2011፣ እያንዳንዳቸው 11 ክፍል። ጠቀሜታው ዋናው ሰው ራሱ ምንም የማያውቅ እንግዳ መሆኑ ነው፤ እናንተ የምትጠይቁትን እሱ ይጠይቅላችኋል። «ሾጉን»ም በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ቶራናጋ የተባለው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ፣ ኢሺዶ የተባለው ኢሺዳ ሚትሱናሪ፣ እንግሊዛዊው መርከበኛ ደግሞ በ1600 የደረሰው ዊልያም አዳምስ መሆኑን ካወቃችሁ ወደ ሌሎቹ ሥራዎች ስትሻገሩ ግማሹን ሰው ታውቁታላችሁ። ከ«ሾጉን» ቀጥሎ ወደ 2017ቱ «ሴኪጋሃራ» መዝለል ግን ወጥመድ ነው። ጦርነቱ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፣ ነገር ግን ንግግሩ እጅግ ፈጣን፣ ስሙ ብዙ ነው፤ ታሪኩን በቃሉ ለሚያውቅ ጃፓናዊ የተሠራ ፊልም ነው።

ሌላው ወጥመድ የ1966ቱ «ዳይቦሳትሱ ቶጌ» ነው። ተዋናዩ ታትሱያ ናካዳይ እንደዚያ አስፈሪ ሆኖ አያውቅም፤ ነገር ግን ተከታይ ክፍል ታስቦለት ስላልተሠራ ፊልሙ ውጊያ መሐል ቀጥ ብሎ ያልቃል፣ የታሪኩ ክሮችም እንደተንጠለጠሉ ይቀራሉ። ማሽናችሁ አልተበላሸም።

ለየት ያለ ነገር ከፈለጋችሁ «ሳሙራይ ታይም ስሊፐር»ን ፈልጉ። በትንሽ በጀት ተሠርቶ በ2024 በአንድ ሲኒማ ቤት ተጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት የጃፓን አካዳሚን የምርጥ ፊልም ሽልማት ወሰደ። የአይዙ ግዛት ሳሙራይ መብረቅ መትቶት በዘመናችን ኪዮቶ፣ ያውም የዘመን ድራማ በሚቀረጽበት ስቱዲዮ ውስጥ ይነቃል። ሌላ ሙያ ስለሌለው «ኪራሬያኩ» ይሆናል፤ ሥራው በጀግናው ሰይፍ እየተመታ መውደቅ የሆነ ተዋናይ ማለት ነው። ይህን ካያችሁ በኋላ በየፊልሙ ከኋላ የሚወድቁትን ሰዎች ሳታዩ ማለፍ አትችሉም።

አሁን ወደ «ሰባቱ ሳሙራይ»። ከላይ ካሉት አራት አምስቱን ያየ ሰው ዝግጁ ነው። 207 ደቂቃ የሚለውን ቅጂ ብቻ ያዙ፤ ለውጭ ገበያ ተቆርጠው ያጠሩ አሉ። መሐል ላይ ራሱ ኩሮሳዋ ያስቀመጠው እረፍት አለ፤ እዚያ አቁሙና ሌላውን ግማሽ ነገ እዩት፣ ምንም አይጎድልባችሁም። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ገበሬዎቹ ሳሙራይ ፍለጋ ከተማ ወጥተው፣ ለቅጥር ያዘጋጁትን ነጭ ሩዝ እየቆጠቡ ራሳቸው ዝቃጭ እህል ሲበሉ ታያላችሁ። አብሯቸው ያደረ አንድ የቀን ሠራተኛ የሩዙን ጎድጓዳ ሳህን አንስቶ ለሽማግሌው ሳሙራይ ለካምቤይ ያሳየዋል፦ «ይኸው፣ እናንተ ይህን ትበላላችሁ፤ እነዚህ ምን እንደሚበሉ ታውቃለህ?» የሚል ዓይነት ንግግር ነው። ካምቤይ ሳህኑን በሁለት እጁ ይቀበልና ይህን ሩዝ በከንቱ አልበላም ይላል። ሰው የሚሰለቸው እዚህ አካባቢ ነው፤ ውጊያ ገና ሩቅ ነው። ኮኩ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ግን ቅጥሩ የተፈረመው በዚያች ደቂቃ ነው።